ስልኩ ያለንበትን ያውቃል፤ ካርታውስ?

የሞባይል ስልክን ጂፒኤስ ከላፕቶፕ የካርታ ሶፍትዌር ጋር አገናኝቶ ስለ መጠቀም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስክ ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ከወጡት ተማሪዎች መካከል ነበርኩ። ሥራችን በቀበሌው የሚገኙትን ምንጮች እየዞርን መመዝገብና በካርታ ላይ ማስፈር ነበር። ካርታው ሲጠናቀቅ ለውኃ ባለሙያዎች ይሰጣል፤ እነርሱም በዚያ ተመርኩዘው በቅድሚያ ሊጎለብት የሚገባው ምንጭ የትኛው እንደሆነ ይወስናሉ። በእጃችን የነበረው መሣሪያ አንድ ላፕቶፕ፣ ጂፒኤስ ያለው አንድ የሞባይል ስልክ፣ እንዲሁም ስካን ተደርጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ባለ 1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ምንጭ ዘንድ ስንደርስ ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን ስልኩን አገናኘነው። ያለንበትን ቦታ የሚያመለክተው ቀይ ነጥብ ብልጭ ብልጭ አለና ከወንዙ ማዶ አረፈ። እኛ ግን ከወንዙ ወዲህ ነበርን፤ ጫማችን እንኳ አልራሰም። መንገድ ይመሩን የነበሩት አዛውንት በትከሻችን ላይ አሻግረው ስክሪኑን ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ማዶማ የሌላ ቀበሌ ነው። ይህን ምንጭ እዚያ ካሰፈራችሁት ለእኛ ማን ይሠራልናል?» አሉ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። አንድ ነጥብ በካርታ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ቢዛነፍ ለኮምፒውተሩ ምንም አይደለም፤ ውኃ ለሚጠብቅ መንደር ግን ብዙ ነው። ለመሆኑ የተሳሳተው ማን ነበር? ስልኩ? ሳተላይቱ? ሶፍትዌሩ? ወይስ እኛ? ይህን ለመመለስ ከሳተላይቱ ተነሥተን እስከ ላፕቶፑ ስክሪን ድረስ መረጃው የሚጓዝበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል ይኖርብናል።

ጂፒኤስ ምንድን ነው?

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው፣ በሳተላይት አማካይነት ቦታን የማወቂያ ሥርዓት ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ህዋ ባመጠቀች ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከስፑትኒክ የሚመጣው የሬዲዮ ድምፅ ሳተላይቷ ስትቀርብ ከፍ፣ ስትርቅ ዝቅ እንደሚል አስተዋሉ፤ ከዚህም ምህዋሯን አሰሉ። ቀጥሎም ነገሩን ገለበጡት፤ የሳተላይቱ ምህዋር ከታወቀ በምድር ላይ ያለው አድማጭ የቆመበትን ቦታ ማስላት ይቻላል ማለት ነው።

የጂፒኤስ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 መጠቀ፤ ሥርዓቱም በ1995 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ መዋሉ ታወጀ። በመጀመሪያ የታሰበው ለጦር ኃይል ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመስመሩ ወጥቶ በሶቭየት ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ለሲቪሎችም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። ይህም ሆኖ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰው ምልክት እስከ 100 ሜትር ገደማ እንዲሳሳት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር። ይህ ማዛባት የቆመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ያለንበትን መንገድ ሊለይ የቻለው ከዚያ ውሳኔ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ያስፈልጉታል። እነዚህም ከምድር ገጽ በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው በስድስት የምህዋር ወለሎች ተሠማርተው፣ እያንዳንዳቸው በ12 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና እ.ኤ.አ. በ2020 የተጠናቀቀው የቻይናው ቤይዱም በተመሳሳይ መርሕ ይሠራሉ። የዛሬ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ በሆኑት ይጠቀማሉ።

ርቀትን በሰዓት መለካት

መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ የሚቆጥር ሰው ከጂፒኤስ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ሦስት ሴኮንድ የቆጠረ ሰው መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደወደቀ ያውቃል። የጂፒኤስ ሳተላይትም በሬዲዮ ሞገድ ዘወትር ሁለት ነገሮችን ይናገራል፤ ያለበትን ቦታና የተናገረበትን ሰዓት። ስልኩ መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት ከተላከበት ሰዓት ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር ያባዛል። ሳተላይቱ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ሲሆን መልእክቱ የሚፈጅበት ጊዜ 0.067 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው።

ከአንድ ሳተላይት ያለን ርቀት ሲታወቅ ያለነው በአንድ ሉል ገጽ ላይ መሆኑን እናውቃለን። የሁለት ሳተላይቶች ሉሎች ሲገናኙ ክብ፣ የሦስት ሲሆን ደግሞ ሁለት ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ከምድር ገጽ እጅግ ስለሚርቅ ይጣላል። ታዲያ ሦስት ሳተላይት ይበቃል ማለት ነውን? አይበቃም። ምክንያቱም ሳተላይቶቹ አቶማዊ ሰዓት ሲኖራቸው ስልካችን ያለው ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ነው። የአንድ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በርቀት ሲመነዘር 300 ሜትር ይሆናል። በመሆኑም የስልኩ ሰዓት ስሕተት ራሱ እንደ አራተኛ ያልታወቀ ቁጥር ይወሰዳል፤ አራት ያልታወቁ ቁጥሮች ደግሞ አራት እኩልታዎችን ይሻሉ። ቢያንስ አራት ሳተላይት መታየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ አልበርት አይንስታይንም አለበት። በ1905 በታተመው የልዩ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት በፍጥነት የሚጓዘው የሳተላይቱ ሰዓት በቀን 7 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ወደኋላ ይቀራል። በ1915 በተጠናቀቀው የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ደግሞ የምድር ስበት እዚያ ከፍታ ላይ ስለሚደክም ሰዓቱ 45 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ይቀድማል። የተጣራው ልዩነት በቀን 38 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ይህ ባይታረም የርቀቱ ስሌት በአንድ ቀን ብቻ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛባ ነበር። ስለሆነም የሳተላይቶቹ ሰዓቶች ከመምጠቃቸው በፊት ጥቂት ዘግይተው እንዲቆጥሩ ተደርገው ይሠራሉ።

እዚህ ላይ በብዙዎቻችን ዘንድ የሚዘወተር አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እናርም። ስልኩ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ምንም ነገር የለም፤ የሚያዳምጥ ብቻ ነው። በመሆኑም ጂፒኤስ ሂሳብ አይቆርጥም፤ የሞባይል ኔትወርክ በሌለበት በረሃም ይሠራል። ኔትወርክ የሚረዳው ለመጀመሪያው ንባብ ነው። ሳተላይቱ መረጃውን የሚልከው በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ በሆነ አዝጋሚ ፍጥነት ነው፤ የራሱን ምህዋር ዝርዝር ለማስተላለፍ 30 ሴኮንድ፣ የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ ሰሌዳ ለማስተላለፍ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይወስድበታል። ኔትወርክ ያለው ስልክ ይህን መረጃ ከኢንተርኔት ስለሚያገኝ በጥቂት ሴኮንዶች ቦታውን ያውቃል። ኔትወርክ የሌለው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ስልኩ እያለ ላፕቶፑ ለምን?

አንባቢ «ስልኩ ራሱ ካርታ ያሳይ የለም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነት ነው፤ ከተማ ውስጥ መንገድ ለመፈለግ ስልኩ ይበቃል። የመስክ ሥራ ግን ከዚህ ይለያል። አንድ የጂኦሎጂ፣ የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ ተማሪ የመልክዓ ምድር ካርታ፣ የአየር ፎቶግራፍ፣ የአለት ዓይነቶች ካርታና የቀበሌ ወሰን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ማየት ይፈልጋል። በየነጥቡ የሰበሰበውንም መረጃ በሠንጠረዥ መመዝገብ፣ ርቀትና ስፋት ማስላት ይሻል። ለዚህ ሰፊ ስክሪንና አቅም ያለው ሶፍትዌር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ደግሞ የጂፒኤስ መቀበያ የላቸውም። ስለዚህ ስልኩ ዓይን፣ ላፕቶፑ አእምሮ ሆነው ይጋገዛሉ።

ከሶፍትዌሮች መካከል ለተማሪ የሚመቸው ኪውጂአይኤስ የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በጌሪ ሸርማን የተጀመረው ይህ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ላይ ይሠራል። ለመነሻ ካርታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የጀመረውንና በዓለም ዙሪያ በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላውን ኦፕንስትሪትማፕን መጠቀም ይቻላል። ሁለቱንም ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሳሉ አስቀድሞ ማውረድ ይገባል፤ ሜዳ ላይ ከደረሱ በኋላ መፈለግ ዋጋ የለውም።

ከስልክ ወደ ላፕቶፕ

ግንኙነቱ አራት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው፣ የስልኩን ጂፒኤስ ንባብ ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ አፕሊኬሽን በስልኩ ላይ መጫን ነው። ሁለተኛው፣ ስልኩንና ላፕቶፑን በብሉቱዝ ማስተዋወቅ ነው፤ በዋይፋይ ወይም በዩኤስቢ ገመድ የሚሠሩ አፕሊኬሽኖችም አሉ። ሦስተኛው፣ ላፕቶፑ ለዚህ ግንኙነት የሰጠውን የፖርት ቁጥር ማወቅ ነው። በዊንዶውስ ይህ «ኮም» ከሚል ስም ጋር ቁጥር ይዞ በብሉቱዝ ማስተካከያ ገጽ ላይ ይገኛል። አራተኛው፣ በካርታው ሶፍትዌር ውስጥ የጂፒኤሱን መስኮት ከፍቶ ያንኑ ፖርት መምረጥና ማገናኘት ነው። ሁሉም በትክክል ከሄደ በየሴኮንዱ የሚታደስ ነጥብ በካርታው ላይ ይታያል፤ ስንራመድ ይራመዳል፤ የሄድንበትንም መስመር እያሰመረ ይከተለናል።

ነጥቡ ካልታየ መላ ሲፈለግ ከስልኩ ተነሥቶ ወደ ላፕቶፑ መሄድ ይበጃል። በቅድሚያ ስልኩ ራሱ ቦታውን አውቋልን? ካላወቀ ጥፋቱ የግንኙነቱ አይደለም። አውቆ ከሆነ ብሉቱዙ ተገናኝቷልን? ተገናኝቶ ከሆነ የተመረጠው ፖርት ትክክለኛው ነውን? ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ለአንድ ስልክ ሁለት ፖርቶችን ስለሚሰጥ፣ አንዱ እንቢ ካለ ሌላውን መሞከር ነው።

የባትሪ ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። የጂፒኤስ መቀበያውና ብሉቱዙ አብረው ሲሠሩ የስልኩ ባትሪ ከወትሮው ፈጥኖ ይደክማል። ነጥቦቹን በማስታወሻ ደብተርም እየጻፉ መሄድ ያለፈበት ልማድ አይደለም፤ እርሳስ ቻርጅ አያስፈልገውም።

ስልኩ የሚናገረው ቋንቋ

በፖርቱ ውስጥ የሚያልፈው መረጃ ተራ ጽሑፍ ነው። ደንቡን ያወጣው የአሜሪካ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ሲሆን፣ ደንቡ በማኅበሩ የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ኤንኤምኢኤ እየተባለ ይጠራል። መነሻው የመርከብ መሣሪያዎችን እርስ በርስ ማነጋገር ነበር፤ ዛሬ ግን በየብስም ያገለግላል። እያንዳንዱ መስመር በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የመስመሩን ዓይነት የሚገልጹ ፊደላት፣ ከዚያም በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ሰዓት፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ የሳተላይቶች ብዛትና የመሳሰሉት ይመጣሉ። በመጨረሻም ከኮከብ ምልክት በኋላ መስመሩ በመንገድ ላይ አለመበላሸቱን ማረጋገጫ ቁጥር ይገኛል።

ይህን መስመር በራሱ ፕሮግራም ለማንበብ የሚሞክር ተማሪ ሦስት ጉድጓዶችን መጠንቀቅ አለበት።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ስለሆነ፣ 06:15 የሚል ንባብ በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ15 ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ይጨመርና 9 ሰዓት ከ15 ይሆናል፤ በአገራችን አቆጣጠር ደግሞ ስድስት ይቀነስለታል።

ሁለተኛው የዲግሪው አጻጻፍ ነው። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ የቆመ ስልክ 0902.1000 የሚል የኬክሮስ ንባብ ቢልክ ትርጉሙ 9.021 ዲግሪ አይደለም፤ 9 ዲግሪ ከ2.1 ደቂቃ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 2.1 ለ60 ተካፍሎ 0.035 ይሆናል፤ ትክክለኛው ንባብም 9.035 ዲግሪ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 0.014 ዲግሪ በመሬት ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው።

ሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። በንግግር ኬክሮስን እናስቀድማለን፤ የካርታ ሶፍትዌር ሠንጠረዥ ሲያነብ ግን አግድሙን፣ ማለትም ኬንትሮስን በኤክስ፣ ኬክሮስን በዋይ ቦታ ይጠብቃል። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው አዲስ አበባን ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ያገኛታል።

ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው

ወደ ምንጫችን እንመለስ። ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ መረመርን። ስልኩ ከስምንት ሳተላይቶች በላይ ያያል፤ ሰማዩ ገላጣ ነው፤ ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ ቁጥሮቹም በትክክል ተነበዋል። ነጥቡ ግን ከወንዙ ማዶ ነው።

በዚህ ጊዜ አስተማሪያችን አንድ ጥያቄ አቀረቡልን፤ «ስሕተቱ ይበተናል ወይስ ይሰለፋል?» አሉ። ነገሩ ወዲያው አልገባንም ነበር። ሲያስረዱን ግን ጉዳዩ የማንኛውም ልኬት መሠረት መሆኑን ተረዳን። የዘፈቀደ ስሕተት አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ምዕራብ ይበተናል፤ በተደጋጋሚ ተለክቶ አማካዩ ሲወሰድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሥርዓታዊ ስሕተት ግን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ይገፋል፤ ሺህ ጊዜ ቢለካም አማካዩ ያው ስሕተት ነው።

የጂፒኤስ የዘፈቀደ ስሕተቶች የታወቁ ናቸው። ሞገዱ በላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ በአዮኖስፌር ሲያልፍ ይዘገያል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ በእኛ ሰማይ ይህ መዘግየት ጎላ ብሎ ይታያል። ከረጃጅም ሕንፃዎችና ከገደሎች የሚነጥረው ሞገድም ርቀቱን ረዘም አድርጎ ያሳያል። የሳተላይቶቹ አቀማመጥም የራሱ ድርሻ አለው፤ በሰማይ ላይ ከተበታተኑ ውጤቱ ይጠራል፤ በአንድ ወገን ከተከማቹ ይደበዝዛል። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን ስለሆኑ ደግሞ የከፍታ ንባብ ከአግድሙ ይልቅ ደካማ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ጥሩ ስልክ በገላጣ ሰማይ ሥር የሚሳሳተው 5 ሜትር ገደማ ነው። ከሁለት መቶ ሜትር ጋር አይተዋወቅም።

ስለዚህ ፈተና አደረግን። በካርታው ላይም በመሬት ላይም በግልጽ ወደሚታዩ ሦስት ቦታዎች ሄድን፤ ወደ አንድ ድልድይ፣ ወደ አንድ የመንገድ መገንጠያና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። በሦስቱም ቦታዎች ነጥቡ ከትክክለኛው ሥፍራ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ ሜትር፣ ወደ ምሥራቅም መቶ ሜትር ያህል ሸሽቶ ተገኘ። ስሕተቱ አልተበተነም፤ ተሰልፏል።

የአዲንዳን ምስጢር

መልሱ የተገኘው በማንም ዘንድ በማይነበበው የካርታው ግርጌ ላይ ነው። እዚያ በትንንሽ ፊደላት «አዲንዳን» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር።

ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም፤ በምድር ወገብ በኩል ያለው ራዲየሷ በዋልታዎች በኩል ካለው 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ካርታ ሠሪዎች ይህን ጠፍጠፍ ያለ ቅርጽ የሚወክል ኤሊፕሶይድ መርጠው በአንድ የታወቀ የምድር ነጥብ ላይ ያስሩታል። ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚቆጠሩት በዚህ በተመረጠው ቅርጽ ላይ ነው። መሠረቱ ዴተም ይባላል። ከሳተላይት ዘመን በፊት አገሮች የየራሳቸውን መሠረት ይመርጡ ነበር። የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድና በአዲንዳን መሠረት ላይ ነው፤ ስሙም በግብጽና በሱዳን ወሰን አካባቢ ከነበረች የኑቢያ መንደር የተወሰደ ነው። ጂፒኤስ ግን የሚናገረው ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው፣ መሐሉን በምድር የክብደት ማዕከል ላይ ባደረገው ዓለም አቀፍ መሠረት ነው። የሁለቱ ቅርጾች ማዕከሎች እርስ በርስ ከ260 ሜትር በላይ ይራራቃሉ።

ውጤቱ ይህ ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአንድ ቦታ የቆመ ሰው በሜትር የሚነበቡት የካርታ ቁጥሮቹ በደብልዩጂኤስ 84 ሲነገሩ በአዲንዳን ከሚነገሩት ወደ ምሥራቅ 95፣ ወደ ሰሜን 205 ሜትር ገደማ ይበልጣሉ። እኛ የስልኩን ቁጥሮች እንዳሉ በካርታው መስመሮች ላይ ስናስቀምጥ ነጥቡ በዚሁ መጠን ሸሸ። በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ ጠቅላላው ርቀት 226 ሜትር ያህል ነው፤ በ1፡50,000 ካርታ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ። በወረቀት ላይ የጥፍር ወርድ የማይሞላ፣ በመሬት ላይ ግን ወንዝ የሚያሻግር።

መድኃኒቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልወሰደም። በሶፍትዌሩ ውስጥ የካርታውን የማጣቀሻ ሥርዓት ከደብልዩጂኤስ 84 ወደ አዲንዳን ቀየርነው። የመለያ ቁጥሩን ለሚሹ፣ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላለው የመካከለኛው ቀጠና፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። እንደ ጋምቤላ ላለው የምዕራብ ቀጠና 20136፣ እንደ ጅግጅጋ ላለው የምሥራቅ ቀጠና ደግሞ 20138 ነው። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ የስልኩን ቁጥር ራሱ እየተረጎመ ያስቀምጠዋል። ቀዩ ነጥብ ወንዙን ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ። አዛውንቱ ፈገግ ብለው፣ «አሁን ምንጫችን ተመለሰ» አሉ።

የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ሳተላይቱም ስልኩም ካርታውም የየራሳቸውን እውነት ተናግረዋል፤ በሁለት የተለያዩ መሠረቶች የሚናገሩ መሆናቸውን ያልጠየቅነው እኛ ነን። በማግስቱ በመጀመሪያው ቀን የመዘገብናቸውን ሁለት ምንጮች እንደገና አረጋገጥን። ቀዩ ነጥብ ወንዝ ባይሻገር ኖሮ ሦስቱም በተሳሳተ ሥፍራ ተመዝግበው ይቀሩ ነበር።

ስልኩ የማይችለው

ነጥቡ በትክክል ከተቀመጠ በኋላም ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር እርሳስ የተሰመረ መስመር በመሬት ላይ 25 ሜትር ይሸፍናል። በላፕቶፑ ላይ እያጎላን ብንሄድ ስክሪኑ ይሰፋል እንጂ የካርታው ጥራት አይጨምርም።

የእርሻ ማሳ ወሰን በስልክ ለመለካት የሚሞክሩ አሉ። 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። አንዱ ጎን በ5 ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ልዩነቱ 250 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከማሳው አንድ አሥረኛ ይሆናል። ጎረቤታሞችን ለማጣላት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ስልክ ምንጩ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ዛፉ የት እንዳለ ለማመልከት ይሁን፤ ወሰን ለመትከል የቀያሾች መሣሪያ ያስፈልጋል።

ቀያሾችና የመሬት ሳይንስ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ከእነዚሁ ሳተላይቶች ነው። ልዩነቱ የሚያነቡት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ተሸካሚውን ሞገድ ራሱን መሆኑና፣ በታወቀ ነጥብ ላይ ከተተከለ ሌላ መቀበያ ጋር ማነጻጸራቸው ነው። ለረጅም ጊዜ በመለካትም ሚሊ ሜትር ድረስ ይደርሳሉ። የዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ጠርዞች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ዓይነት ልኬት ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

ውድ አንባብያን፣ ስልካችሁንና ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት በምታውቁት ቦታ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤታችሁ በር ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። ነጥቡ በካርታው ላይ ከበሩ ላይ አረፈ? ካላረፈ በየትኛው አቅጣጫ፣ ምን ያህል ሸሸ? ሌሎች ሁለት ቦታዎች ላይም ድገሙት። ይበተናል ወይስ ይሰለፋል? ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ የአንድ ሳምንት ድካም ሊያድን ይችላል።

የመዘገባችሁትን ቁጥር ለሌላ ሰው ስትሰጡም ከአጠገቡ መሠረቱን፣ ቀጠናውንና ቀኑን ጻፉ። መሠረቱ ያልተገለጸ ኬክሮስና ኬንትሮስ የአባት ስም እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። በእኛ ደብተር ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገጹ አናት «አዲንዳን ወይስ ደብልዩጂኤስ?» የሚል መስመር ይጻፍ ነበር። ጥያቄውን ያስተማሩን በስክሪኑ ላይ ያለውን ነጥብ ትተው ወንዙን የተመለከቱት አዛውንት ናቸው።